የዘፈነው ሆቴሉ አይደለም

ውድ እትዬ ቡንዶክ፣

ስልክሽን ዘግተሽ ጄጁ ደሴት ላይ ነጭ ሽንኩርት ስትነቅዪ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ በአንቺ መናደዴን ካልቆጠርሽው። በደወልኩ ቁጥር «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ናት የምታነሳልኝ፤ ከእሷ ጋር አሁንማ ተላምደን ስለ ልጆቿ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝ። ታናሽ እህትሽ ጋ ስደውል ደግሞ አንዴ ማሳ ወርዳለች፣ አንዴ ተኝታለች፣ ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳለች አለችኝ። እኔ የማውቃት ቡንዶክ ከአዲስ ዓመት እስከ አዲስ ዓመት ጸጉር ቤት ደርሳ አታውቅም። እህትሽ ደግ ሴት ናት፣ ውሸት ግን አትችልበትም። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

የምፈልገውን መጀመሪያ ልንገርሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ ሳትጨርሽው አጣጥፈሽ ትራስሽ ሥር እንደምትከቺው አውቃለሁ። የነሐሴው ፈተና ላይ እንድትቀመጪ ነው የምፈልገው። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፈሽ እንግሊዝኛ ብቻ ቀርታሻለች። «ሰባ ዓመት የምሞላበት ቀን ሲመጣ የሁለተኛ ደረጃ መመረቂያ ጋወን ለብሼ ካልሆነ ፎቶ አልነሳም» ብለሽ በክፍሉ ሁሉ ፊት የማልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላስማልኩሽም። ሰባው እየመጣ ነው። አንቺ ግን ሽንኩርት ትነቅያለሽ።

ሰሞኑን ሱቄ ውስጥ የሰናፍጭ ቅጠል ለኪምቺ በጨው እያሸሁ ስላንቺ ሳስብ ነው የምውለው። እኛ ትምህርት ቤት የጀመርነው እኮ በአንድ ቀን ነው። ከድሮው መድኃኒት ቤት በላይ ያለው ክፍል፣ በልጅነታቸው ያልተማሩ እናቶች የሞሉበት፣ ማሞቂያው እግር የሚያቃጥል ጀርባ የማያሞቅ። አንቺ የሚበላውን የባሕር ዛጎል ስትፈለፍዪ ውለሽ ቀጥታ መጥተሽ እጅሽ የባሕር ጭቃ ይሸት ነበር፣ እኔ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ እሸት ነበር፤ ሌላ ሰው አጠገባችን መቀመጥ ስላልፈለገ አንድ ዴስክ ደረሰን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዴስክ ጓደኛዬ ሆንሽ። በስድሳ ዓመቴ የዴስክ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ስነግረው ባለቤቴ የሳቀው ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ኦ መስተዋድዳዊ ሐረግ ያስተማረን ዕለትስ? ያ ልጅ፣ ዕድሜው የመጨረሻ ልጄን የሚያህል፣ ሲጨነቅ መነጽሩን በሹራቡ የሚጠርገው። በእኛ በኮሪያኛ «በ» እና «ከ»ን የመሰሉት ትንንሽ ቃላት ከስሙ ኋላ ይለጠፋሉ፣ በእንግሊዝኛ ግን ከፊት ይቀድማሉ አለን። ትንሿን ቃል ስታገኙ ቅንፍ ክፈቱ፣ ስሙ ላይ ስትደርሱ ቅንፉን ዝጉ፣ በቅንፍ ውስጥ የገባው መስተዋድዳዊ ሐረግ ይባላል፣ ዋናው ነገር ከቅንፉ ውጭ ያለው ነው አለን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ ዘ ዉመን ኢን ዘ ኪችን ኦፍ ዘ ሆቴል ሲንግስ። ማን ነው የሚዘፍነው ብሎ ጠየቀ።

ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሆቴሉ ነው አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከ«ሲንግስ» ጎን የቆመው ሆቴሉ ነዋ። ክፍሉ በሳቅ ተንከተከተ፣ መምህር ኦም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ፣

«ጆምሬ፣ ዛጎል ስትፈለፍዪ ቅርፊቱን ነው የምትበዪው?» አልሽኝ። «ኢን ብሎ የጀመረው ቅርፊት ነው። ኦፍ ብሎ የጀመረውም ቅርፊት ነው። ሁለቱንም ላጪና ምን እንደቀረ እዪ።»

ላጥኩት። ሴትዮዋ ቀረች፣ መዝፈኗም ቀረ። እውነቴን ነው የምልሽ እትዬ፣ በዕድሜዬ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያን ቀን መጀመሪያ ገባኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንቺ ሽንኩርት ነው ብለሽ ለክፍሉ አስወራሽብኝ።

ከዚያ ወዲያ ግን አበድሽ። ወተት ካርቶን ላይ ቅንፍ፣ የልጅ ልጅሽ ካኒቴራ ላይ ቅንፍ፣ የሳሙናው መጠቅለያ ላይ ቅንፍ። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ «ዌልካም ቱ ቦልግዮ» የሚለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቅንፍ ስትከፍቺ ዘበኛው መጣብን፣ እኔ ደግሞ ሰው ጠባቂ ተብዬ ቆሜ መንገደኛ እያየሁ ረስቼሻለሁ። ዘበኛው ምን እየሠራችሁ ነው ሲል አንቺ ምንም ሳትደነግጪ «ቱ ቦልግዮ መስተዋድዳዊ ሐረግ ነው» ብለሽ አስረዳሽው። ያ ሰውዬ እስከዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ቤት ውስጥም ልማድ ሆነብኝ። ባለቤቴ አምሽቶ ሲመጣ ከነ ማን ጋር፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ለአንድ ጉዳይ፣ ያለ ፍላጎቱ እያለ ይዘበዝባል። መሐሉን ሁሉ በቅንፍ ሳስገባው «ጠጣሁ» የምትለዋ ብቻ ትቀራለች። ይህን ስነግረው ይቺን እንግሊዝኛ ማን አስተማራት ብሎ አንቺን ነው የሚረግመው።

እንግዲህ ወደ ሚያዝያው ፈተና ልምጣ። ስለሱ ማውራት እንደማትወጂ አውቃለሁ፣ ግን በተውሽው ቁጥር እያበጠ ነው።

ፈተናው ከልደትሽ ቀን ጋር ገጠመ። ልጅሽ ያገባት ሊየን፣ ከቬትናም መጥታ እዚህ አገር ያለውን ነገር ሁሉ ካንቺ እግር ሥር ነው የተማረችው። ለልደት የባሕር ቅጠል ሾርባ ይሠራል፣ ያን ቀን እሱን ያልጠጣ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል ብለሽ ያስተማርሻት አንቺው ነሽ። ለፈተና የሚወጣ ሰው ግን ያን ሾርባ በዓይኑም እንደማያይ፣ ቅጠሉ ሙልጭልጭ ስለሆነ ፈተናው ላይ ያዳልጠዋል እንደሚባል ማንም አልነገራትም። አንድ ቤት ውስጥ ልደትና ፈተና በአንድ ቀን ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል? ሊየን ማለዳ ተነስታ በሥጋ ሠርታ አቀረበችልሽ። አንቺም ፊቷን አይተሽ ጠጣሽ።

ፈተናው ወደሚሰጥበት ሱንቾን የሚወስደን አውቶቡስ ላይ ቁርስሽን ስጠይቅሽ ሾርባ አልሽኝ። የምን ሾርባ ስልሽ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ «ሁለት ሳህን» አልሽ። እኔ ፈተናው እንዲጣበቅልን ብዬ የያዝኩትን የሚያጣብቀውን የሩዝ ከረሜላ ያለኝን ሁሉ አፍሽ ውስጥ ጎሰጎስኩት፣ የተጠጣው ይጣበቅ እንደሆነ ብዬ። ጥርስሽ ተጣብቆ እስከ ሱንቾን አንድ ቃል አልተናገርሽም። እንደዚያ ዝም ያልሽበትን ቀን ከዚያ በፊት አላውቅም።

እንግሊዝኛው ሲመጣ አንቺ ከእኔ ወዲያ ማዶ ረድፍ ላይ ነበርሽ። እኔ ጥያቄውን እያነበብኩ፣ አንዳንዱን እየሠራሁ፣ አንዳንዱን እየገመትኩ መልስ መስጫው ካርድ ላይ አጠቆርኩ። ቀና ስል አንቺን አየሁሽ። ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ አውጥተሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ቅንፍ ትከፍቻለሽ ቅንፍ ትዘጊያለሽ። የዛጎል ቅርጫት ፊትሽ እንዳለ ነበር የሚመስለው። ደስ ስላለኝ ሥራዬን ትቼ ትንሽ አየሁሽ። ያን ጊዜ ምነው ሳል ባደረግኩ፣ ምነው እርሳስ በጣልኩ እያልኩ ስንቴ አስቤአለሁ። ደወሉ ሲደወል ጥያቄዎቹ ሁሉ ተቀንፈዋል፣ ምርጫዎቹ ተቀንፈዋል፣ «ከሚከተሉት ውስጥ» የሚለው በገዛ ቋንቋችን የተጻፈው ትእዛዝ ራሱ ተቀንፏል። ካርድሽ ግን ከግማሹ ወደ ታች ነጭ ነበር። ፈታኟ ከእጅሽ ስትወስደው አንቺ ገና ቅንፍ ለመዝጋት እየተጣደፍሽ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ እኔ አለፍኩ፣ አንቺ ቀረሽ። ሆቴሉ ይዘፍናል ያልኩት እኔ ላልፍ፣ ቅርፊቱን ያስላጠችኝ ልትቀር! ክፍል ውስጥ አንቺ «ሾርባው ነው ያዳለጠኝ» ብለሽ ሁሉንም አሳቅሽ፣ እኔም ሳቅኩ። ደረጃው ላይ ለብቻችን ስንሆን ግን እጄን ይዘሽ፣

«ሾርባው ምን አደረገ፣ ጆምሬ። የእኔ ጭንቅላት ነው። በዛጎል ደንቁሯል» አልሽኝ።

በማግስቱ ጄጁ እህትሽ ጋ ገባሽ። እኔ በማለፌ መደሰት እንኳን አልቻልኩም። ጋወን ልትለኪ ነይ ሲሉኝ የዴስክ ጓደኛዬ ሳትመጣ አልለካም ብዬ መለስኳቸው። ይኸው ነው፣ ናፍቀሽኛል፤ ብቻዬን ዴስኩ ላይ ስቀመጥ ቦታሽን በቦርሳዬ እይዝልሻለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት ብነግርሽ ሂጂ ወደዚያ ትይኝ ነበር።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ያቺ ክፍል ውስጥ የቀለድሻት ቀልድ ገበያ ወረደች። ሰሊጥ ዘይት የምታስጨምቀዋ ሴትዮ፣ ሊየን ዘይት ልትገዛ ስትሄድ፣ በሰው ፊት «ለፈተና ቀን የባሕር ቅጠል ያበላሻት አንቺ ነሽ አሉ» አለቻት። ለጨዋታ ነው ያለችው፣ ክፋት የለባትም። ሊየን ግን ዘይቱን እዚያው ትታ ወጣች። አየሽ፣ አንቺ ለምን እንደሄድሽ እስከዚያ ቀን አልገባትም ነበር፤ ያን ቀን የገባት መሰላት።

ማታውኑ አላስቻላትም፣ በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በር ላይ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። አክስቴ፣ እማማ ቤታቸውን የለቀቁት በእኔ ነው አለችኝ። ለባሏ እንኳን አልነገረችውም። ቁጭ አድርጌ የገብስ ሻይ ቀዳሁላትና ስለ ካርዱ፣ ስለ ቅንፉ፣ ስለ ደወሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አላመነችኝም። ልታጽናኚኝ ነው አለች። ቅንፍ ፈተና እንዴት ይጥላል? እኔም እንግዲህ ይህን ለማስረዳት ራሱን ቅንፉን ማስረዳት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

የቅመም ካርቶን ጀርባ ላይ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩላት። ሴትዮዋ፣ ኩሽናው፣ ሆቴሉ። ቅንፍ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ፣ የቱ ጋ እንደምዘጋ ጠፋኝ። ሁለታችንም ካርቶኑ ላይ አፍጥጠን ቆየን። በመጨረሻ እሷ ቀና ብላ፣ አክስቴ፣ በዚህ ዓይነት እኮ የሚዘፍነው ኩሽናው ነው አለችኝ። ከመጣች የሳቀችው ያኔ ነው። እኔም ከሆቴል ወደ ኩሽና መድረሳችን እድገት ነው ብዬ ሳቅኩ።

ካርቶኑን ግን ይዛው ሄደች። ከሰዓት ተመልሳ መጣች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ደጋግማ አየችው፣ ጎበዝ ናት፣ በራሷ አወጣችው። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣

«አሁን አመንኩዎት» አለችኝ። «ይሄ ነገር ደስ ይላል። እማማ ሰዓቱን የረሱት ደስ ብሏቸው ነው።»

እትዬ፣ እኔ ስንት ጊዜ ሳስበው የከረምኩትን ነገር ይቺ ልጅ በአንዴ አለችው። ጭንቅላትሽ አይደለም የጣለሽ። ጭንቅላትሽ ያን ያህል ዘመን ዛጎል ላይ ውሎ ድንገት የሚወደውን ነገር አገኘና ከእሱ መለየት አቃተው። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ደስ ብሎት ሰዓት የረሳ ሰው በመላው አውራጃ ካንቺ በቀር ካለ አሳዪኝ።

መምህር ኦንም አነጋገርኩት። መድኃኒቱ ቀላል ነው አለኝ፤ አንድ ጥያቄ ሠርተሽ ካርዱ ላይ ሳታጠቁሪ ወደሚቀጥለው አትሻገሪም። በቃ። ለዛጎል እንኳን እኮ ሥጋውን ሳህን ላይ ሳታስቀምጪ ሁለተኛውን አታነሺም። እሱ ራሱ በየሳምንቱ አጠገብሽ ቆሞ ሊያለማምድሽ ቃል ገብቷል፣ ካልሆነም እርሳሷን እቀማታለሁ ብሏል። ያ ልጅ ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ እንኳን መምጣት ነበረብሽ።

ስለ ሾርባው ደግሞ አትጨነቂ፣ ተፈትቷል። ባለፈው እሑድ ሊየን እኔንና ሰሊጥ ዘይቷን ሴትዮ ቤትሽ ጠርታ አንድ ድስት ሙሉ ሠርታ አበላችን። ሴትዮዋ በኀፍረት አራት ጊዜ አስጨመረች። እስካሁን አንዳችንንም አላዳለጠንም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርሽ። ተቀመጪ፣ ካልተቀመጥሽ።

የምዝገባው ቀን ዛሬ ያበቃ ነበር። አንቺን በስልክ ማግኘት ሲያቅተን ሊየን በውክልና ማስመዝገብ ይቻላል ሲባል ሰማች። በፊርማ ፋንታ የምትመቺውን ማኅተምሽን ከሩዝ ጋኑ ውስጥ አወጣችው፤ የምትደብቂበትን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች፣ ሩዝ የምትጨምረው እሷ አይደለች? ጉርድ ፎቶ ያገኘንልሽ ደግሞ ለአውሮፕላን ጉዞ የተነሳሽው ነው፣ የተቆጣሽ የምትመስይበት። ብትከሺን ሁለታችንም እንታሰራለን፣ እስር ቤትም አንድ ዴስክ ይሰጡን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ዛሬ ጠዋት አብረን ወደ ትምህርት ቢሮው ሄድን። ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ሰውዬ ቅጹን አይቶ ለተመዝጋቢዋ ምኗ ነሽ ብሎ ጠየቃት። ምራቷ ነኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ልጇ ነኝ» አለችው።

ሰውዬው ስሟን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ማኅተሙን መታ። እኔ ጨረስን ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሷ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ከቦርሳዋ ሌላ ቅጽ አወጣች፣ የተሞላ፣ የራሷ ፎቶ የተለጠፈበት፤ ከአገሯ ያስመጣችውን የመካከለኛ ደረጃ ማስረጃ ተተርጉሞ አያይዛለች። በሚስጥር ስታሰናዳው የከረመችው ይሄንን ነው፣ ለእኔም አልነገረችኝም። ቅጹን በመስኮቱ አስገባችና ቁጥሬ ከሳቸው ቀጥሎ ይሁን አለችው። ሰውዬው፣ እዚህ ቁጥር በምርጫ አይሰጥም፣ በተራ ነው የሚሰጠው አላት። እሷም ለዚሁ ነው ከኋላቸው የተሰለፍኩት አለችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እዚህ አገር የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእማማ ኋላ ቆሜ እጃቸውን እያየሁ ነው አለችኝ። ኪምቺውን እንደዚያ፣ ዛጎሉን እንደዚያ፣ ለሽማግሌ እጅ መንሳቱን እንደዚያ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስተምረኝ ሰው አይገባኝም አለች።

ስለዚህ እትዬ፣ ነገሩ ይሄ ነው። የነሐሴው ፈተና ላይ የአንቺ ወንበር ከፊት ነው፣ የሊየን ከኋላሽ። እኔ ከበር ውጭ ከረሜላ ይዤ እቆማለሁ። አንቺ ካልመጣሽ ያቺ ልጅ የምታየው ባዶ ወንበር ነው።

የቅዳሜው መርከብ ከጄጁ ማለዳ ይነሳል። ወደቡ ላይ እንጠብቅሻለን።

የዴስክ ጓደኛሽ
ጆምሬ
ቦልግዮ፣ ሰኔ